ከዘጠኝ መቶው ፊት የቆመችው ምልክት

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3፡20

ዛሬም ሳጥን። «ብር» መውጣት ያለበት ቦታ ላይ ሁለት ባዶ ሳጥኖች፣ ከኋላቸው 900.00። ሦስት አሮጌ ስልኮች ላይ ሞከርኩ። ሦስቱም ሳጥን። የፊደሉን ዓይነት ቀየርኩ፣ አጠፋሁ፣ እንደገና ጫንኩ። ሳጥን። አንቺ ላይ ግን «ብር» ብዬ ስጽፍ «ብር» ሆኖ ይቀመጣል። ደብተሬ፣ አራት ዓመት ሙሉ ኮምፒውተር ተምሬ እስክሪብቶ የሚሠራውን መሥራት አቃተኝ!

ለናቲ ደወልኩ። (አለቃዬ፤ አ.አ. ነው ያለው፤ ላሊበላን በፎቶ ነው የሚያውቃት።) መልሱ የታወቀ ነው። «እኔ ጋ ይሠራል።» አዲስ ስልክ ይዞ ይሠራል ነዋ!

ሌላው ጣጣ ነጥቧ። ትናንት አንዱ የበቅሎ ባለቤት 900.00ን ዘጠና ሺህ ብሎ አንብቦ በሳቅ ሊሞት ነበር። ሁለቱን ዜሮ አንሳልኝ ብዬ ናቲን መለመን ከጀመርኩ ሳምንት አለፈኝ። ዓለም የሚጽፈው እንደዚህ ነው ይለኛል። እዚህ በሳንቲም የሚከራይ በቅሎ የለም። ይኼን ማን ያስረዳው።

አርጅቼ ሳነብሽ ግራ እንዳይገባኝ ልጻፈው፦ መተግበሪያው የበቅሎ ነው። እንግዳው ስልኩን ይከፍታል፣ የበቅሎዋን ፎቶ፣ የባለቤቷን ስምና ዋጋዋን ያያል፣ ይመርጣል። የማኅበሩ አባላት ሠላሳ አራት። እስከ ነአኩቶ ለአብ ደርሶ መልስ 900 ብር ብለው እጅ አውጥተው ወስነዋል። ለልደት መድረስ አለበት። ከሠራ ማኅበሩ ለዓመት ይፈራረማል፣ እኔም አገሬ ላይ ደሞዝ እየበላሁ እኖራለሁ። ካልሠራ ሻንጣዬን ይዤ አ.አ.፣ ናቲ አጠገብ ወንበር ላይ። ከዚያስ ሳጥኑ ይሻለኛል።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10፡00

ከጠዋት ጀምሮ በቅሎ ተራ። ፀሐይ፣ ፋንድያ፣ ዝንብ፣ ሠላሳ አራት ስልክ። ሁሉም «አንቺው ጻፊልኝ» ይላል። አይቻልም። የማኅበሩ ሕግ ነው፣ እያንዳንዱ ዋጋውን በገዛ ጣቱ ይጽፋል፤ ኋላ «ሰው ነው የጻፈብኝ» እንዳይመጣ። ሊ/መንበሩ አቶ ካሳው ከኋላዬ ቆመው ጣት ይቆጣጠራሉ። ጣት!

አንዱ 9 ብሎ ጻፈና ጨርሻለሁ አለኝ። አንዱ 900ን ሁለት ጊዜ ጻፈ፣ ለመሄጃና ለመመለሻ መስሎት። አንዷ በቅሎ ባርኔጣዬን በላች።

አያ ሞላን ግን ወደድኳቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ከገነተ ማርያም በኩል ይመጣሉ፣ ሳምንቱን ከተማ ዘመድ ቤት ያድራሉ። በቅሏቸው ጉራቻ ትባላለች፣ ከሰል የመሰለች። ስልካቸውን ቤሩት ያለችው ልጃቸው ናት የላከችላቸው። ሌላው ሁሉ እዚሁ ከተማ የተገዛ፣ በአማርኛ የተሞላ፤ የእሳቸው ብቻ እንግሊዝኛ። በመሐረብ ጠቅልለው ነው የሚይዙት። እጃቸውን ታጥበው መጡ፣ በአንድ ጣት 9፣ 0፣ 0። ግሩም። «እስኪ እይልኝ» አሉኝ። «ጎበዝ አያ ሞላ!» ብዬ ወደሚቀጥለው ሳጥን ሮጥኩ።

ሁሉም ገባ። ሳጥኑ አሁንም አለ። እግሬን አመመኝ።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት

ጉድ ፈላ።

ሁለት ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ ማኅበሩ ቢሮ መጥተው ጮኹ። ሴትዮዋ ስልኳን እፊቴ ደቀነችው። የጉራቻ ፎቶ፤ ከሥሩ 900፤ ከ900 ፊት የዶላር ምልክት። ለግማሽ ቀን በቅሎ ዘጠኝ መቶ ዶላር! ሊዘርፉን ነው ብለው ያረፉበት ቤት ላለው እንግዳ ሁሉ አሳይተዋል። ስንት ዘመን እንግዳ ጠፍቶ በቅሎዎቹ ቆመው ከርመው፣ አሁን የመጣውን ደግሞ እንዲህ እንሸኘው?

የአቶ ካሳው ፊት አመድ መሰለ። ወደ እኔ ዞረው ስልኩ ተሳስቶ ይሆን እንዴ አሉኝ። ናቲ ጋ ደወልኩ። መዝገቡን አየ። ሠላሳ ሦስቱ ብር፣ አንዱ ዶላር። ባለቤቱ ዶላር ብሎ ነው ያስገባው፣ በቃ፣ ሥርዓቱ ጤነኛ ነው አለኝ። ይህንኑ ተናገርኩ።

እኔ ስለ ሁለት ዜሮ ስጨቃጨቅ አያ ሞላ ዶላር! መሐረቡ፣ መታጠቡ፣ ያ ሁሉ ጨዋነት። ተናደድኩ። ስለወደድኳቸው ደግሞ ይበልጥ ተናደድኩ።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ፣ ከሰዓት 9፡30

ስብሰባ። ከቅዳሴ በኋላ፣ ማኅበሩ ግቢ። ሰው ሁሉ ቆሞ።

አቶ ካሳው ስልኩን ለአያ ሞላ አሳዩ። ከቁጥሩ ፊት ያለችውን ምልክት በጣታቸው ነክተው፣ ይህችን አይተዋታል ወይ ብለው ጠየቁ። አያ ሞላ አላመነቱም። አዎ፣ አይቻታለሁ፣ ከመጀመሪያውም ነበረች አሉ። ሌሎቹ ላይ እንደሌለችስ ያውቃሉ? አውቃለሁ፣ የእኔ ላይ ብቻ ናት አሉ። ፊታቸው ላይ እፍረት የሚባል ነገር የለም። እንዲያውም ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ግቢው ተንጫጫ።

ከዚያ አንድ ሰው፣ ምናልባት ሳይነኩት ስልኩ ራሱ አምጥቶት ይሆናል አለ። ሁሉም እኔን አየ። ድምፄ ጥርት ብሎ ወጣ። ስልክ አይዋሽም፣ የነገሩትን ነው የሚያሳየው አልኩ። ልብ በይ፣ ደስ ብሎኝ ነው ያልኩት። ለሁለት ሳምንት በሳጥን ሲስቁብኝ ከርመዋላ።

አያ ሞላ ያኔ ነው የደነገጡት። ምልክቷ የፈረንጅ ገንዘብ መሆኗን ሲሰሙ፣ እኔ በዶላር አልጠየቅሁም አሉ። ማን ያምናቸዋል? አሁን አይቻታለሁ ብለው!

ውሳኔ፦ እስከ ልደት ማግስት ከተራ ወጡ። አላደረግሁም ካሉ የገብርኤል ዕለት፣ ታኅሣሥ 19፣ ከቅዳሴ በኋላ ደጃፉ ላይ ይማሉ። ካልማሉ ከማኅበሩ ስማቸው ይፋቃል።

ጉራቻን ይዘው ሄዱ። 

መስቀል ይዞ የሚያስምለው ካህን አባ ናቸው፣ አባቴ። ለምነዋቸው እምቢ ማለት አልቻሉም። ቤት መጥተው ሽሯቸውን አልነኩም። እርግጠኛ ነሽ ወይ አሉኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኳቸው።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡00

ሳጥኑ ተፈታ!! ፊደሉን ከመተግበሪያው ጋር አብሬ ጫንኩት። ሦስቱም አሮጌ ስልኮች «ብር» አሉ። ማንም የሚያጨበጭብልኝ የለም፣ አንቺ አጨብጭቢልኝ።

4፡40

ጭብጨባውን ተይው። የመመዝገቢያውን ገጽ ሳስተካክል ነው ያየሁት። ስም፣ ፎቶ፣ ቁጥር። አለቀ። የገንዘብ ዓይነት የሚመረጥበት ቦታ የለም! ብር ወይም ዶላር የሚል ነገር የለም። እኔው የሠራሁት ገጽ፣ እኔው ረሳሁት።

እና አያ ሞላ በየት በኩል ነው ዶላር ያሉት?

ናቲ አይመልስም። ስብሰባ ላይ ነኝ የሚል መልእክት ላከ። ይኼ ልጅ ስብሰባ ላይ ተወልዶ ስብሰባ ላይ ነው ያደገው።

ታኅሣሥ 15፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00

የራሴን ስልክ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ቀየርኩ። አገር ሲለኝ የመጀመሪያውን ነካሁ፣ አሜሪካ። መተግበሪያውን ከፈትኩ፣ 5 ብዬ ጻፍኩ።

ከ5 ፊት የዶላር ምልክት።

ወደ አማርኛ መለስኩ። 5 ብር። እንግሊዝኛ። ዶላር። አማርኛ። ብር። አሥር ጊዜ ያህል እንዲህ ሳደርግ ቆየሁ።

ምልክቱን ያመጣው ስልኩ ነው። ስልኩ አሜሪካ ያለ መስሎት ዶላር አለ፣ መዝገቡም ስልኩን አምኖ ዶላር ብሎ ያዘ። ስልኩ ራሱ አገሩን ያውቃል፣ ባለቤቱን በምርጫ አናድክመው ያለው ናቲ ነው። እሺ ብዬ የሠራሁት እኔ ነኝ። ከቤሩት የመጣ የእንግሊዝኛ ስልክ አንድ ብቻ ነበር። አይቼዋለሁ፣ ለአንቺም ጽፌልሻለሁ፣ ስምንት ቀን ነው ወደ ኋላ ብትገለጪ። «እስኪ እይልኝ» ብለውኝ ነበር።

ለናቲ ነገርኩት። በመጨረሻ ገባው። አልተጨነቀም፣ በጸጥታ እናስተካክለዋለን አለ። ለማኅበሩ ምንም እንዳትናገሪ፣ ከልደት በፊት መተግበሪያው ይሳሳታል ከተባለ ውሉ ቀረ፣ የአንቺም ሥራ ቀረ። ሰውዬውስ? ስል ሽማግሌ ናቸው፣ ሰው ይረሳዋል አለኝ። እዚህ የሚረሳ መሰለው! እዚህ የአያቴን አባት ጠብ የሚያስታውስ ሰው አለ።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት 11፡00

ገነተ ማርያም ደርሼ መመለሴ ነው። በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር፣ በአቧራ።

አያ ሞላ አውድማ ላይ ናቸው። ገብስ ያበራያሉ። ጉራቻ ጥግ ላይ ታስራለች፣ ሥራ ፈታ። ስላዩኝ አልተቆጡም፣ ውሃ አስመጡልኝ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ነገርኳቸው። ስልክ፣ ቋንቋ፣ አገር። ግማሹም አልገባቸውም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ አልኩ። ምልክቷን አይቻታለሁ ያሉት ለምንድነው? ምን መስላዎት ነበር?

ያሉኝን እንዳለ ልጻፈው፣ እንዳይጠፋኝ።

«የበቅሎ ነገር አይደል፤ ልጓም የሳላችሁባት መስሎኝ። ይኸ የተጠማዘዘው ጠፍሩ፣ ይኸ የቆመው ብረቱ። የሌሎቹን አየሁ፣ ልጓም የላቸውም። የኔይቱ ብቻ ተለጎመች ብዬ ኮራሁ። አንችም ጎበዝ አልሽኝ።»

ስልኬን አውጥቼ ምልክቷን አየኋት። እውነታቸውን ነው። ልጓም ናት። ከዚህ በኋላ ሌላ ነገር ሆና አትታየኝም።

ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ገብሱ መሃል ቆሜ። እሳቸው የሚይዙት ጠፋቸው፣ አይዞሽ አሉኝ። እኔን!

እሑድ አይምሉም። እንዲህ አሉ፦ «ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ ፈራሁ እል ነበር። እውነቴን ይዤ ገብርኤልን ምን ብዬ ላስቸግር? ስሜን ከፋቁት ይፋቁት።» ልጃቸው ቤሩት ሆና ሰምታለች። ስልኩን ባልላክሁት ኖሮ ብላ አልቅሳለች። ከዚያ ወዲህ ስልኩን አልከፈቱትም፣ በመሐረቡ እንደተጠቀለለ ሙዳይ ውስጥ ነው።

ተራቸው ቢቀር ገብስ አላቸው። ሥራዬ ቢቀር እኔም ሌላ አላጣም። ስማቸውን ግን ከየት ያመጡታል? በዚህ ዕድሜያቸው፣ በጉራቻ ጀርባ ስንት ተሳላሚ አድርሰው፣ «ዶላር የጠየቀው ሰውዬ» ተብለው ሊቀሩ ነው።

ታኅሣሥ 17፣ ዓርብ፣ ጠዋት 5፡15

ናቲ!!!

በጸጥታ አስተካከለው። ከአ.አ. ሆኖ፣ ሳይነግረኝ። ሁሉንም ብር አደረገ፣ የአያ ሞላንም መዝገብ ገብቶ 900 ብር አለው። «ተዘግቷል» የሚል አጭር መልእክት ከአውራ ጣት ምስል ጋር ላከልኝ።

አቶ ካሳው ጠዋት ስልካቸውን ከፍተው አዩ። ቢሮው ሙሉ ሰው ባለበት፣ አያችሁ፣ ሲነቃባቸው ቀየሩት አሉ። ሽማግሌው ይኼኔ በሌሊት ተነስተው ሲነካኩ ነበር ይላል ሌላው። ስልኩ ሙዳይ ውስጥ ነው ብዬ መጮህ ሲገባኝ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ዛሬም ዝም አልኩ፣ ደብተሬ። ይኼን ደግሞ ከናቲ ላይ መለጠፍ አልችልም።

አሁን ማስረጃው የለም። ማንም ስልኩን ቢከፍት ብር ነው የሚያየው። ፈረንጆቹ ሄደዋል። እኔ ብናገር እንኳ ለሽማግሌው አዝና ነው ይሉኛል። የቄስ ልጅ፣ ሆደ ቡቡ፣ ይላሉ።

8፡00

የእኔ ስልክ! ትናንት ገነተ ማርያም ስለነበርኩ፣ ዛሬም የኢንተርኔት ካርዴ ስላለቀ አዲሱን አላወረደም። አሮጌው ከነጥፋቱ አለ። እንግሊዝኛ አድርጌ 9፣ 0፣ 0 ብዬ ጻፍኩ። ልጓሟ ወጣች። ካርድ በማለቁ ደስ ሲለኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። መስመሩን ዘጋሁት፣ እስከ እሑድ አይከፈትም።

ናቲ በእናቴ ስልክ አገኘኝ። ስልክሽ ለምን አይሠራም አለኝ። እኔ ጋ ይሠራል አልኩት።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት 11፡30

ለአባ ነገርኳቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ልጓሟንም። እርግጠኛ ነኝ ያልኳቸውን ቀን ራሴው አነሳሁባቸው፣ እሳቸው አላነሱትም። ተናገሪ ወይም ተዪ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። የት ሆነሽ ነበር የተናገርሽው አሉኝ። ግቢው መሃል ቆሜ አልኩ። እንግዲያው ቢሮ ገብተሽ ለካሳው በጆሮው አትንገሪው፣ እዚያው ቆመሽ ተናገሪ አሉኝ። ይኼን ብለው ለዋዜማው ተነሱ።

ናቲ ጻፈ፣ በእናቴ ስልክ። እሑድ ከተናገርሽ ሰኞ ከእኛ ጋር አይደለሽም። እናቴ መልእክቱን አንብባ ማነው ይኼ ባለጌ አለች። አለቃዬ ነው አልኳት። ነበር አለች።

ፈራሁ። ለሥራው አይደለም የፈራሁት፣ ለሥራው ተናድጄ ጨርሻለሁ። ያን ሁሉ ዓይን ነው የፈራሁት።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ፣ ገብርኤል፣ ጠዋት 2፡10

ቅዳሴው ሊወጣ ነው። ነጠላዬን ለብሻለሁ። የስልኩ ባትሪ ስልሳ ከመቶ፣ ይበቃል። እንግሊዝኛ ላይ ነው።

ስለ ቋንቋና ስለ አገር አላስረዳም፣ አያ ሞላም አልገባቸውም ነበር። ሰው ከደጃፉ ወደ ማኅበሩ ግቢ ሲመለስ ስልኩን ለአቶ ካሳው እሰጣለሁ። የራሳቸውን በቅሎ ዋጋ በገዛ ጣታቸው ይጻፉ፣ ሕጉም እሱ ነው። 9፣ 0፣ 0። ምልክቷ ስትወጣባቸው ሰው ሁሉ እየሰማ ልክ እሳቸው እንደጠየቁት እጠይቃቸዋለሁ፦ ይህችን አይተዋታል? ከዚያ ስልክ አይዋሽም ብዬ የቆምኩባት ቦታ ላይ ቆሜ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እይልኝ ሲሉኝ ያላየሁት እኔ ነኝ እላለሁ። የሚማል ካለ እኔ ልማል። አባም መስቀሉን ለእኔ ያውጡት።

አያ ሞላ አይመጡም። አልመጣም ብለዋል። እሳቸው ባይሰሙትም ግድ የለም፣ የሰማው ሰው ከእኔ ፈጥኖ ገነተ ማርያም ይደርሳል።

ኮቴ። በመስኮት አየሁ።

መጥተዋል። ጉራቻን ይዘው። ልጓም አላደረጉላትም፣ በገመድ ነው የሚስቧት። በሌላ እጃቸው የማኅበሩን የተራ ቁጥር ይዘዋል፣ ለአባል ሁሉ የምትሰጠውን ቆርቆሮ፣ በመሐረቡ ጠቅልለው። ሊመልሱ ነው። ወደ ማኅበሩ ግቢ ነው የታጠፉት፣ በሩ ሳይደርሱ ልቅደማቸውና